ከገብርኤል ሥዕል ጀርባ የነበረው ሳጥን

ዳባት ውስጥ ቤታቸውን ቅዱስ ገብርኤል እንዳቃጠለባቸው የሚያምኑ አንድ እናት አሉ። ስማቸው እማማ ጥሩወርቅ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ በር አልፈው አያውቁም፤ ውጭ ከግንቡ ሥር ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። መልአኩ ተቀይሞኛል ባይ ናቸው። እኔ ግን ቤቱን ያቃጠለው መልአክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእሳቱ ሰባት ወር በፊት የዚያን ቤት የመብራት መስመር መርምሬ «ደኅና ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ ሥራዬን መልቀቅ ነበረብኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጡረታ ዕድሜዬ አልደረሰም፤ ጤናዬም ደኅና ነው። ለቀቅኩ ከምል ሥራው ለቀቀኝ ብል ይሻላል። ቆጣሪዎች ከየሰው ቤት ግድግዳ እየተነቀሉ ውጭ ምሰሶ ላይ ተሰቀሉ፣ በካርድ የሚሠሩ ሆኑ፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን ደብዳቤ መጣች፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ሁሉ የደንበኛው ኃላፊነት ነው የምትል። ሕጉ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት ከቆጣሪው ወዲያ ነው። ወንበር ሰጥተው የተበላሸ ካርድ መዝጋቢ አደረጉኝ፤ ስምንት ወር ቻልኩት። አሁን ደባርቅ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ አንዳንዴ እጽፋለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው ከሆነ ደግሞ ለጥየቃ የገባሁበትን ቤት ሁሉ ሶኬት እያየሁ ባለቤቶቹን አሳቅቃለሁ።

ስለ አሮጌ ቤት መብራት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ዕቃው አርጅቶ ነው፣ ድህነት ነው። እኔ አልስማማም። የጥንቱን ዕቃ ብዙ ስለፈታሁት አከብረዋለሁ። አንድ ጣውላ ግድግዳ ላይ ይመታል፤ በላዩ ላይ ሁለት ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች ይቀመጣሉ፤ በውስጣቸው ከጠጉር ትንሽ ወፈር የምትል ሽቦ አለች። ብዙ ሲጫንባት ትቀልጣለች፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ሰው ይናደዳል፣ ማንም አይሞትም። ከዚህ የበለጠ ቅን ዕቃ አላውቅም። ዛሬ ገበያ ላይ የሚሸጡት አንዳንድ አዳዲስ ብሬከሮች ቢቃጠሉም አይቆርጡም። አሮጌው ሳጥን ሰው ሲገድል ካያችሁ፣ በመካከሉ የገባ እጅ አለ ማለት ነው።

ደባርቅ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ አንድ ባለቤት ነበሩ፤ ፊውዛቸው ተቃጥሎባቸው ሲሰለቻቸው በቦታው ምስማር ከተዋል። ነቅዬ አሳየኋቸው።

«ይኼ ምስማር ነው» አልኳቸው።

«አዎ፤ ከገባ ጀምሮ ግን አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም።»

«እሱማ አይቃጠልም።»

«ታዲያ ምን አስቸገረህ?»

«እሱ እምቢ ካለ ምን እንደሚቃጠል ነዋ ያስቸገረኝ።»

ዞር ብለው ጣሪያቸውን አዩ። ምስማሩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል ብለው ነው መሰለኝ።

ይህን ዓይነቱን ወሬ ያስተማሩኝ ጋሼ አስናቀ ናቸው። በመጀመሪያ ድብ ባሕር፣ ከዚያ ደባርቅ ስመደብ ሥራውን የለመድኩት ከእሳቸው ጋር ነው። ኃላፊዎቻችን ይለዋወጡ ነበር። አንዱ ሪፖርት ይወድዳል፣ አንዱ ስብሰባ፣ አንዱ ከሁለቱም ዕረፍት፤ ጋሼ አስናቀ ግን ሁሌም ያው ነበሩ። ሰው ቤት ሲገቡ ወደ ሳጥኑ አይሄዱም። ቁጭ ይላሉ፤ ውኃ ይጠይቃሉ፤ ውኃው እስኪመጣ አፍንጫቸው ይሠራል። የተጎዳ መስመር ከመታየቱ በፊት ይሸታል፤ የተቃጠለ ቀንድ ዓይነት ሽታ አለው። ከዚያ ስለ ልጆች ይጠይቃሉ፤ ቤቱ ውስጥ ስንት ምድጃ፣ ስንት ካውያ፣ ስንት ምጣድ እንዳለ የሚያውቁት ከዚሁ ጨዋታ ነው። ቀጥሎ የቀኝ እጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያስጠጋሉ። መዳፍ አይደለም፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ስለሆነ ሙቀት አይለይም፣ መብራት ከያዘውም ይጨብጣል እንጂ አይለቅቅም ይሉ ነበር። ክዳኑን ሲፈቱ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ከወገባቸው ኋላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከክዳኑ በስተውስጥ በአናጺ እርሳስ ቀኑን ይጽፋሉ። ቅጹን የሚሞሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ለመፍጠን ብዬ ቅጹን ቀድሜ ካወጣሁ በእርሳሳቸው ጣቴን መታ ያደርጉኛል።

አንድ ቀን ደባርቅ አንዲት እመቤት ቤት ገባን። ሳጥኑ የተደበቀው ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ብዙ ነው፤ ሳጥኑ አስቀያሚ ስለሆነ ሰው ይሸፍነዋል፤ ሲሸፍነው ደግሞ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ በሚያምነው ነገር ይሸፍነዋል። ጋሼ አስናቀ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «እመቤቴ፣ እጄን ቅባት ነክቶታል፤ እርስዎ ያንሡልኝ» አሉ። ሴትዮዋ ተሳልመው አነሡት፤ በነጠላ አቅፈው ቆዩ፤ እኛም ሥራችንን ጨረስን።

መንገድ ላይ «ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

«ንጹሕ ነው።»

«ዋሹ ማለት ነዋ።»

«ዋሸሁ። ሳጥኑን ግን አየሁት አይደለም?»

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ መጽሐፍ አነብብ ነበር፤ ውሸታቸው አስጠላኝ። ለአንዲት ምስኪን ሴት እውነቱን ተናግሮ ማስረዳት እየተቻለ ተንኮል ምን ይሠራል ብዬ በልቤ ናቅኳቸው። የናቅኩትን ነገር ዋጋ ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ።

ጋሼ አስናቀ ጡረታ ወጥተው ወደ ገጠር ገቡ። እኔ ዳባት ተመደብኩ፤ ብቻዬን። አሮጌ ቤቶች ሁሉ የውስጥ መስመራቸው ይታይ የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ግንቦት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ እማማ ጥሩወርቅ ቤት ደረስኩ።

ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ወደ መንገድ የሚያወጣውን የፊት ክፍል ያሲን የሚባል ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። ከእሱ ክፍል ወደ ሳሎኑ የምታስገባ በር ነበረች፤ ክፍት ነች፤ ያሲን መኪናው ላይ አጎንብሶ ሱሪ ያሳጥራል። እማማ ጥሩወርቅ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀልጣፋ፣ ምላሳቸው የሰላ።

«የፊውዙ ሳጥን የት ነው እማማ?»

«እዚያ፤ ከመጋረጃው ኋላ።»

አረንጓዴዋን መጋረጃ ገለጥኩ። ክንፉን ዘርግቶ ቅዱስ ገብርኤል ቆሟል፤ ሦስቱ ሕፃናት ከእሳቱ መካከል ሆነው ያዩኛል። ሳጥኑ ከኋላቸው ነው።

«ሥዕሉን ላነሣው ነው።»

«አይሆንም ልጄ። ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ባለትዳር ነህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ ተወው።»

የያሲን መኪና ቆመ። ቀና አላለም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀብኝ ነው።

«እማማ፣ ከኋላው ያለውን ሳላይ መሄድ አልችልም።»

«ምን ልታይ ነው? እሱ እኮ ከእቶን እሳት ያወጣ ነው። ከእሳት የሚጠብቀኝ እሱ ነው። አንተ ደግሞ ከምን ልትጠብቀኝ ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ ከላላ ብሎን። ሰው በተለምዶ የሚፈራው የሚጮኸውን አደጋ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ብልጭ የሚለውን። እሱን ፊውዙ ይቆርጠዋል። እኔ የምፈራው ዝም የሚለውን ነው። ከምሰሶ የሚመጣው የአሉሚኒየም ሽቦ ከቤቱ የመዳብ ሽቦ ጋር በአንድ ብሎን ሥር ይታሰራል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በእኛ አገር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ብሎኑ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይለቃል። የለቀቀ ብሎን ይግላል። ፊውዙ ይህን አያውቅም። እሱ የሚቆርጠው ብዙ መብራት ሲያልፍበት ነው፤ ብሎኑ ደግሞ የሚግለው በተለመደው መብራት ነው። ጣውላው ቀስ እያለ ይከስላል፤ አንድ ቀን ይያያዛል። መድኃኒቱ ካቻቢቴና ሁለት ደቂቃ ነው።

ይህን ሁሉ ማስረዳት እችል ነበር። ወይም እጄን ቅባት ነክቶታል፣ እርስዎ ያንሡልኝ ማለት እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። በዚያ ሰሞን የሰውን እምነት ማክበር የሠለጠነ ሰው ምልክት ነው የሚል ነገር አንብቤ ነበር፤ የሠለጠንኩ መሰለኝ። ደግሞም አንዲት እናት በገዛ ቤታቸው፣ በተከራያቸው ፊት፣ ክፉ ሰው ብለው እንዲያስታውሱኝ አልፈለግኩም። የእጄን ጀርባ ከሥዕሉ ጎን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ረፋድ ነው፣ ምድጃ አልተለኮሰም፣ ካውያ አልተሰካም፤ ጭነት የሌለበት መስመር እንደማይሞቅ የመጀመሪያ ዓመት ጀማሪም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ቀዝቃዛ ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ቅጹ ላይ «ሳጥኑ ተከፍቶ ታይቷል» የሚል ቦታ አለ። የመምህሬን ትንሽ ውሸት የናቅኩት ሰው፣ በቀለም ትልቁን ዋሸሁ። እማማ መርቀው ሸኙኝ። «ጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝ። ያሲን እንኳ ከመኪናው ቀና ብሎ እጁን አነሣልኝ።

ሀገራችንን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ነገር ስም አያጣለትም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን እንደ ጌጣችን የሚያወድሱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ብዙ ጣውላ ከስሎ ስላየሁ አላወድሰውም። ስንት ቤት ገብቼ ባለቤቱ ሽታውን እያሸተተ እንግዳ እንዳይሳቀቅ ብሎ ዝም ያለበትን አይቻለሁ። ስንት ተከራይ ሶኬቱ እየነዘረው አከራዩን ላለማስቀየም በእንጨት እየሰካ ኖሯል። በትክክል ቢመዘገብ፣ ከአሮጌ ሽቦ ይልቅ ይሉኝታ ብዙ ቤት አቃጥሏል። መዝገባችን ላይ ግን እንዲህ የሚል ቦታ የለም። እሳት ሲነሣ «ኮንታክት ነው» ይባላል፤ ፖሊስ እንዲያ ይጽፋል፣ እኛም እንዲያ እንጽፋለን፣ ጎረቤትም እንዲያ ይላል። ኮንታክት ቤት የለው፣ ሚስት የለው፣ ፊርማ የለው። ከእሱ የተሻለ ጥፋተኛ የት ይገኛል።

እሳቱ የተነሣው ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው፤ በገብርኤል ዓመታዊ በዓል። እማማ ጥሩወርቅ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ቤቱ ውስጥ ምጣዱና ምድጃው አልጠፉም፤ ያሲንም የበዓል ልብስ ለመተኮስ ካውያውን ከንጋት ጀምሮ ሰክቷል። ረፋድ ላይ ጢሱ በበሯ በኩል መጣበት። ገብቶ መጋረጃው ሲነድ አየ። ፊውዙን መንቀል እንዳለበት ያውቃል። ፊውዙ ግን ከሥዕሉ ኋላ ነው። ሥዕሉን በሁለት እጁ አነሣው፤ ወርውሮት ሊሄድ አልደፈረም፤ ዞር ብሎ አልጋ ላይ በጀርባው አስተኛው። ከዚያ ተመልሶ እጁን ጢሱ ውስጥ ከተተ። ሸክላው ፍም ሆኖ ጠበቀው።

ሥዕሉን ያነሣው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ በግንቦት ላነሣው ይገባኝ የነበረውን።

መስመሩን ከምሰሶ እንድቆርጥ ተጠርቼ ስደርስ የቤቱ ግማሽ ወርዷል። ያሲንን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደውታል። ጎረቤት ባልዲ ይዞ ይራወጣል። ፍርስራሹ ሲበርድ የጣውላውን ቁራጭ አነሣሁት፤ ሁለቱ ፊውዞች በነበሩበት በኩል ላይ ላዩን ብቻ ከስሏል። የመግቢያው ብሎን የነበረበት ግን እስከ ጀርባው ድረስ ከስሏል፤ ብሎኑ በጣቴ ሲነካ ዞረ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

እማማ ጥሩወርቅ በበዓል ልብሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤቶች «ኮንታክት ነው እኮ፣ ምን ያደርጉታል» ይሏቸዋል።

«ኮንታክት አይደለም» አሉ። «ልጄ ታምሞ ሳለ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄን አዳነልኝ። እኔ ለከርሞ አልኩት። ዛሬ በባዶ እጄ ሄድኩበት። እሱ ነው።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንተማ ምን ታደርግ። መጥተህ አይተህልኝ ነበር።»

ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ዝም ያልኩት እንጀራዬን ፈርቼ ነው፤ ይህን ለማመን አላፍርም። ኋላ ግን ፍርሃቱ አለፈ፣ ዝምታው ቀረ። ቤቱ በጎረቤት ጉልበት ተመልሶ ተሠራ። የያሲን ቀኝ እጅ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም፤ መቀስ የሚይዘው በግራው ነው። እማማ በዓመቱ ጥላውን አስገቡ፤ ከቅጥር ውጭ መቆማቸውን ግን አልተዉም። የንስሓ አባታቸው ስለታቸው እንደደረሰ፣ ገብተው መሳለም እንደሚችሉ ቢነግሯቸውም «እሱ ራሱ ካልነገረኝ አልገባም» ብለዋቸዋል ሲባል ሰማሁ። ቤቱን ያቃጠለው ማን እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ነን፤ መልአኩና እኔ። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ሠራተኛ ሆንኩ። ሰው አመሰገነኝ። የሥዕል ጀርባ፣ የቁም ሣጥን ጀርባ፣ የሙሽራ ፎቶግራፍ ጀርባ፣ ያልከፈትኩት የለም። ቤት ሁሉ እጄን ቅባት ነክቶታል እያልኩ ገባሁ። ጋሼ አስናቀ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ልነግራቸው ስዘጋጅ ነው የሞቱት፤ ይህም ራሱን የቻለ ሰበብ ነው፤ ለመዘጋጀት ስድስት ዓመት ነበረኝ። ሥራዬን ስለቅ መጨረሻ ማስረከብ የነበረብኝ ካቻቢቴዬን ነበር፤ አላስረከብኩትም። ሳምንት ቤት ቁጭ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ከእንግዲህ የምፈራው ኃላፊ የለም፣ የሚቆረጥ ደመወዝ የለም። ብናገር የማጣው እማማ «ጨዋ ልጅ» ያሉኝን ብቻ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ያሲን በሩ ላይ ተቀምጦ የጃኬት ዚፕ ይፈታ ነበር።

«የመብራቱ ሰውዬ» አለ። «ዛሬ ደግሞ የማንን ልትቆርጥ ነው?»

«ለቅቄያለሁ።»

«እና ምን እግር ጣለህ?»

«እማማ አሉ?»

«አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ደኅና ነው።»

ይዞኝ ገባ። እማማ አርጅተዋል፤ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ስሜን ሳይሆን ጨዋነቴን አስታወሱ፤ «ያ ጨዋው ልጅ» አሉ። ተቀመጥ አሉኝ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ ወደ ጨዋታ እንደሚወስደኝ አውቃለሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ሳጥኑን አልከፈትኩትም።»

«የትኛውን ሳጥን?»

«ከሥዕሉ ኋላ የነበረውን። ከፍቼ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ አልከፈትኩም። ውስጡ የላላ ብሎን ነበር። ቤቱን ያቃጠለው እሱ ነው። በእሳቱ ቀን በእጄ ይዤው አይቻለሁ። ከፍቼው ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሜ አጠብቀው ነበር።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ቀድሞ የተናገረው ያሲን ነው።

«እኔም ሸትቶኝ ነበር» አለ።

«ምን ሸተተህ?» አሉት እማማ።

«ግድግዳው። ከበዓሉ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል። ካውያ ስሰካ ቀንድ ቀንድ ይል ነበር።»

«ለእኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ምን ብዬ? ተከራይ ነኝ፤ እስላም ነኝ። እማማ፣ ገብርኤልዎ ይሸታል ልበልዎት?»

እማማ ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ እጁን አዩ፣ የማይታጠፉትን ጣቶች። ምስሩን ከጭናቸው አወረዱ።

«ሁለታችሁም ታውቁ ነበር» አሉ በቀስታ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ለምን አላነሣኸውም?»

«አታንሣ አሉኝ።»

«እኔማ እላለሁ። እኔ ስለ መብራት ምን አውቃለሁ? ሥዕል ነው የማውቀው፣ አትንካ አልኩ። የምታውቀው አንተ ነበርክ። መቆጣት ነበረብህ። አንቺ አሮጊት፣ ቤትሽ ሊነድድ ነው ማለት ነበረብህ። ያን ጊዜ እሰድብህ ነበር፣ ከዚያ አነሣው ነበር።»

በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጥፋቱ የአንተ ነው ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲሉኝ ከባድ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከባድም ነበር። ግን ነገሩ በመጨረሻ የሚገባበት ቦታ ገባ።

«እንግዲያ ገብርኤል አልተቀየመኝም ነው የምትለኝ» አሉ።

«የገብርኤልን አላውቅም እማማ። የብሎኑን ግን አውቃለሁ።»

ያሲን ዚፑን እጁ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ይህንን ለንስሓ አባቴ ትነግርልኛለህ» አሉ እማማ በኋላ። «እኔ ብነግራቸው አሮጊቷ ለመግባት ሰበብ አገኘች ይላሉ። አንተ ትነግራቸዋለህ። ዛሬውኑ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ከፊርማህ ጋር።»

«ከፊርማዬ ጋር።»

ተነሡ። የያሲንን ክንድ ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱ። የአሁኑ ሳጥን የላስቲክ ነው፤ በምንም አልተሸፈነም፤ ከተሰቀለ ወዲህ ማንም ያልነካው ነገር እንደሆነ ከአቧራው ያስታውቃል።

«ክፈተው» አሉኝ።

ዋናውን አጠፋሁ፤ ክዳኑን ፈታሁ። አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን በጣታቸው እያመለከቱ ጠየቁኝ። ይህች ምንድን ናት፣ ይህችስ፣ ይህ ቀዩ ወዴት ይሄዳል። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በሥራዬ ሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚህ የጠየቀኝ የቤት ባለቤት አልነበረም፤ እኔም ለማንም እንደዚህ አስረድቼ አላውቅም። ከታች በኩል ሦስተኛው ብሎን ላይ ካቻቢቴዬን ሳስገባ ሳልጫነው ዞረ።

ያሲን አየኝ። እማማም አዩኝ።

«ይህ ላልቷል» አልኩ። «የምድጃው መስመር ነው። እንዲህ ሆኖ ቢቆይ አደገኛ ነበር።»

«ይኸው» አሉ እማማ፤ «አፍ አለህ እኮ። በል አጥብቀውና የሚቀጥለውን ንገረኝ።»